የእጅ ፍሬን በቤት ማስተካከል፦ ካቦው መጨረሻ ይምጣ

የእጅ ፍሬን ሲላላ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካቦው፣ ማለትም እጀታውን ከጎማው ፍሬን ጋር ወደሚያገናኘው የብረት ገመድ፣ ነው። በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል ያለው ክዳን ይነሣል፣ ዳዶው ይገኛል፣ እጀታው ገና ትንሽ ከፍ እንዳለ እስኪይዝ ድረስ ይጠብቃል፤ ሥራው በአሥር ደቂቃ ተጠናቀቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የኋላ ጎማ መሞቅ ይጀምራል፣ ነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፣ ወይም እጀታው እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የረዘመው ካቦው ሳይሆን ያለቀው ሸራው (እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬኑ ክፍል) መሆኑ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እዚህ የምንጀምረው ከጎማው ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጎማ ቀይሮ የሚያውቅ፣ መሣሪያ የለመደና የማይቸኩል ሰው ግማሽ ቀን ቢመድብ ይበቃዋል። የመኪናዎ የጥገና መመሪያ ካለዎት ከአጠገብዎ ይኑር፤ እዚህ የሚገኙት ቁጥሮች በብዙ መኪኖች ላይ የሚሠሩ ቢሆኑም የመኪናው አምራች ከሰጠው ቁጥር ጋር ከተጋጩ የአምራቹ ይበልጣል።

መጀመሪያ ያለዎትን ፍሬን ይለዩ

የእጅ ፍሬን አሠራር እንደ መኪናው ይለያያል። በጣም የተለመደው ባለ ታምቡሮው ነው፤ ታምቡሮ ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራዎቹ ከውስጥ የሚጫኑት ጎድጓዳ ብረት ነው። በዚህ ዓይነት የእግር ፍሬኑም ሆነ የእጅ ፍሬኑ የሚጠቀሙት እነዚያኑ ሁለት ሸራዎች ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት ግፊት ይገፋቸዋል፣ እጀታው ሲሳብ ደግሞ ካቦው አንዲት የብረት ክንድ ስቦ ከታምቡሮው ጋር ያጣብቃቸዋል። ሁለተኛው ዓይነት ከውጭ ሲታይ ባለ ዲስክ ነው፤ ነገር ግን በዲስኩ መካከል ባለው ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ ለእጅ ፍሬን ብቻ የተሠሩ ትናንሽ ሸራዎች አሉ። በሦስተኛው ዓይነት ካቦው በቀጥታ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ላይ ያለ ክንድ ይስባል፤ የእግር ፍሬኑ ሸራዎች ራሳቸው በሜካኒካል መንገድ ዲስኩን ይጨብጣሉ። አራተኛው ኤሌክትሪካዊ ሲሆን እጀታ የለውም፤ በቁልፍ የሚታዘዝ ሞተር ነው ሥራውን የሚሠራው።

ለመለየት በቸርኬው ክፍተት አጮልቀው ይመልከቱ። ዝግ የሆነ ክብ ብረት ብቻ ከታየዎት ታምቡሮ ነው። ዲስክ ካዩ ካቦውን በዐይንዎ ይከተሉ፤ ካሊፐሩ ላይ ሞላ ካለው ክንድ ጋር ከተያያዘ ሦስተኛው ነው፤ ከዲስኩ ጀርባ ገብቶ ከጠፋ ሁለተኛው ነው። በጥቂት መኪኖች፣ ለምሳሌ በቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር፣ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ፍሬኑ መተማመን አደገኛ ነው፤ አየር ላይ ያለው ጎማ በዲፈረንሻሉ በኩል ሊሽከረከር ስለሚችል መኪናው ይንሸራተታል።

ከመፍታትዎ በፊት ይለኩ

መኪናው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እጀታውን ቀስ ብለው ይሳቡ። ቀጭ ባለ ቁጥር አንድ ጥርስ ብለው ይቁጠሩ። ብዙ የጃፓን መኪና መመሪያዎች ይህ ቆጠራ የሚደረግበትን ጉልበት ጭምር ይወስናሉ፤ 196 ኒውተን፣ ማለትም 20 ኪሎ ያህል። እንደ መኪናው ቢለያይም ከ5 እስከ 8 ጥርስ ባለው ውስጥ በደንብ ከያዘ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ከ10 በላይ ከወጣ ላልቷል፤ በ2ኛው ላይ ግግም ካለ ደግሞ ከሚገባው በላይ ጠብቋል፤ ይህኛው ከላላው ያልተናነሰ ችግር ነው።

አሁን ወደ እግር ፍሬኑ ይሂዱ። ባለ ታምቡሮ መኪና ላይ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲረገጥ ወደ ታች ርቆ ወርዶ፣ ወዲያው ሲደገም ከፍ ብሎ ከያዘ፣ በሸራውና በታምቡሮው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑም የላላው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ካቦውን ማጥበቅ በሽታውን መሸፈን ይሆናል። ፔዳሉ ከፍ ብሎና ጠንክሮ እያለ እጀታው ብቻ የሚረዝም ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ካቦው ያዘነብላል። ይህች ትንሽ ሙከራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ትወስዳለች፤ ግማሽ ቀን ሙሉ በተሳሳተ ቦታ ከመድከም ታድናለች።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍሬን መብራትም ይታይ። እጀታው ገና 1ኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ መብራት አለበት። እጀታው ሙሉ በሙሉ ወርዶ እያለ መብራቱ ካልጠፋ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ይመልከቱ፤ በብዙ መኪኖች ይኸው መብራት የዘይት መጉደልንም ያመለክታል። ዘይቱ የጎደለው ሸራ ስላለቀ ወይም የሚያፈስ ቦታ ስላለ ሊሆን ይችላል፤ የሚያፈስ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ትተው መጀመሪያ እሱን ያስጠግኑ።

ዕቃና ጥንቃቄ

የሚያስፈልጉት፦ ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከሙ ሁለት የብረት መደገፊያዎች (ካቫሌቶ)፣ አራት ታኮ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ቡሶላ ቁልፎች (በተለይ ቁጥር 10 እና 12)፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽና ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ግሪስ።

የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ መኪናውን የሚያቆመው ፍሬን ራሱ የሚፈታው ፍሬን መሆኑ ነው። ስለዚህ ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። የሁለቱም የፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ላይ ታኮ ይግባ። መኪናው በፊት ጎማ የሚጎተት ከሆነ ማርሹን አንደኛ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ ያድርጉት፤ የኋላ ጎማዎቹ እንደ ልብ ይዞራሉ፣ የፊቶቹ ደግሞ ተይዘው ይቆያሉ። በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ የኋላ ጎማዎቹ እንዲዞሩ ማርሹ ኒውትራል መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ መኪናውን የያዘው ታኮው ብቻ ነውና በደንብ ይታይ።

የጎማ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ያላሏቸው። ከዚያ አምራቹ በወሰነው ቦታ ላይ ክሪኩን አድርገው ያንሡ፣ በሁለቱም በኩል ካቫሌቶ ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ያውርዱ፣ መኪናውን በእጅ ወዘወዝ አድርገው መረጋጋቱን ይፈትሹ። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እጅም ቢሆን አይግባ።

ስለ አቧራው አንድ ነገር። የድሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ይይዙ ነበር፤ ዛሬም በውስጡ ምን እንዳለ በዐይን አይታወቅም። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል ነው። ታምቡሮውን ከፍቶ በአፍም ሆነ በአየር መንፊያ እፍ ማለት በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ አይከተሉት። በማጽጃ ፈሳሽ አርሰው በጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉ።

ካቦውን ማላላት

ሸራውን ከመንካትዎ በፊት ካቦው መላላት አለበት። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የተዘለለ እንደሆነም ቀጣዩ ሥራ ሁሉ ውሸት ይሆናል። የተወጠረ ካቦ ሸራዎቹን በትንሹ ከፍቶ ስለሚይዛቸው የሚለኩት ክፍተት እውነተኛው ክፍተት አይደለም።

ማስተካከያው ዳዶ በብዙ መኪኖች ከእጀታው ሥር ይገኛል፤ ወይ የመቀመጫዎቹን መካከል የሚሸፍነውን ፕላስቲክ ማንሣት፣ ወይ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ክዳን መክፈት ይበቃል። በሌሎች ደግሞ ከመኪናው ሥር፣ አንዱ ካቦ ለሁለት በሚከፈልበት ማመጣጠኛ ላይ ነው። በእግር የሚረገጥ የእጅ ፍሬን ያላቸው መኪኖችም ብዙ ጊዜ የሚስተካከሉት እዚያው ሥር ነው። ሁለት ዳዶዎች ከተደራረቡ አንዱ ቆላፊ ነው፤ ማስተካከያውን በአንድ ቁልፍ ይዘው ቆላፊውን በሌላ ይፍቱ። ከሥር ያለው ጥርስ የዛገ ከሆነ የዛገ ብረት ማላቀቂያ ዘይት ነፍተው ይቆዩ፤ በጉልበት ከታገሉት ዘንጉ ተጠምዝዞ ይሰበራል።

ካቦው በእጅ ሲነካ ወዲያና ወዲህ እስኪል ድረስ ያላሉት።

ሸራው፦ ዋናው ሥራ

አንዳንድ መኪኖች ታምቡሮው ሳይወጣ ሸራውን ማስተካከያ ቀዳዳ አላቸው፤ ወይ ሸራዎቹ በተቀመጡበት ሳህን ጀርባ፣ ወይ ታምቡሮው ፊት ላይ፣ በላስቲክ ተደፍኖ። ቀዳዳው ቢኖርም እንኳ ታምቡሮውን አውጥተው እንዲያዩ እመክራለሁ። ያላዩትን ሸራ ማስተካከል ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ጎማውን ያውጡ፣ ታምቡሮውን የያዘች ትንሽ ብሎን ካለች ይፍቱ፣ በየትኛው የጎማ ብሎን ላይ እንደነበር ምልክት ያድርጉ፤ ሲመለስ በዚያው ይገባል። አልወጣ ካለ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው መካከሉ ላይ በዝገት መያዙ ነው። የቶዮታና የብዙ ሌሎች መኪኖች ታምቡሮ ለዚሁ የተሠሩ ሁለት ጥርሳም ቀዳዳዎች አሉት፤ ልካቸው የሆኑ ብሎኖችን (ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር) አስገብተው በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ሲያጠብቁ ታምቡሮውን ወደ ውጭ ይገፉታል። ሁለተኛው ምክንያት ሸራው ታምቡሮውን በልቶ ውስጡ ላይ ከንፈር መፈጠሩ ነው፤ ያን ጊዜ በቀዳዳው በኩል ሸራዎቹን የሚያራርቀውን ጥርሳም ማስተካከያ አላልተው ሸራዎቹን መሰብሰብ ያስፈልጋል። በብረት መዶሻ ጠርዙን መደብደብ ታምቡሮውን ይሰነጥቀዋል።

ሲከፈት መጀመሪያ ፎቶግራፍ ያንሡ። ሞላዎቹ ብዙ ናቸው፤ የትኛው የት እንደነበር ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስታወስ ያስቸግራል። አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ሌላውን አይክፈቱ፤ ሲጠፋብዎት ያልተነካው ጎን ምስክር ይሆናል።

አሁን በእጅ ባትሪ ቀስ ብለው ይመርምሩ። የሸራው ውፍረት በስሱ ቦታ ይለካ፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ዝቅተኛ መጠን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። እዚያ ከደረሰ ማስተካከል አይረባም፣ መቀየር ነው፤ የሚቀየረውም በሁለቱም ጎማዎች ነው። የታምቡሮው ትልቁ የተፈቀደ ስፋት ብዙውን ጊዜ በራሱ ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከላይ ያለችውን፣ በዘይት ግፊት ሸራዎቹን የምትገፋውን ትንሽ ሲሊንደር የላስቲክ ከንፈር በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ ያድርጉ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ዘይት እያፈሰሰች ነው። በዘይት የራሰ ሸራ በምንም ማጽጃ አይመለስም።

ቀጥሎ ያለችው ነገር የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ ስለሆነች ጊዜ ይስጧት። ካቦው ከኋላ ሸራ ጀርባ ካለች የብረት ክንድ ጋር ይያያዛል። በክንዷ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉብታ ወይም ማረፊያ አለች። ካቦው ላልቶ እያለ ይህች ማረፊያ ከሸራው ብረት ጠርዝ ጋር ገጥማ መቆም አለባት፤ በመካከላቸው ክፍተት ሊኖር አይገባም። ክንዷን በካቻቢቴ ወደ ፊት ገፋ አድርገው ይልቀቋት፤ ሞላው መልሶ ጠቅ አድርጎ ካስቀመጣት ደህና ነው። ቀርፈፍ ብላ ከተመለሰች ወይም መሀል ላይ ከቀረች ካቦው በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል፤ ወይም ክንዷ የምትዞርበት ቦታ ደርቋል።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገች? ብዙ ባለ ታምቡሮ ፍሬኖች ሸራ ሲያልቅ ክፍተቱን ራሳቸው የሚዘጉ ናቸው። አንዳንዱ ፔዳል ሲረገጥ፣ አንዳንዱ የእጅ ፍሬን በተሳበ ቁጥር፣ አንዳንዱ መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ፍሬን ሲያዝ ጥርሳሙን ማስተካከያ አንድ ጥርስ ያዞራል። ክንዷ ወደ ማረፊያዋ ካልተመለሰች ግን ይህ መሣሪያ ሙሉ እንቅስቃሴውን ስለማያገኝ መሥራት ያቆማል። ካቦውን ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ያደረገው ይህንን ነው፤ ክንዷን ለዘወትር ወደ ፊት ስቦ፣ ራሱን የሚያስተካክለውን ፍሬን እጁን አስሮታል። ሸራው ማለቁን ይቀጥላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ካቦው እንደገና ይጠበቃል። በነገራችን ላይ የእጅ ፍሬን ጨርሶ የማይስቡ፣ በማርሽ ብቻ የሚያቆሙ ሰዎች መኪና ላይም በእጅ ፍሬን የሚሠራው ዓይነት ማስተካከያ ሥራ ፈትቶ ይዝጋል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ውስጡን ያጽዱ። ሸራዎቹ ከሳህኑ ጋር የሚነካኩባቸው ከፍ ከፍ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሸራ ሦስት ናቸው። እነሱን ብቻ፣ በጣም በስሱ፣ ግሪስ ይቀቡ። ጥርሳሙን ማስተካከያ አውጥተው ጥርሱን አጽድተው ቀለል ያለ ግሪስ ቢነኩት በቀላሉ ይዞራል። የግራውንና የቀኙን አያቀያይሩ፤ በብዙ መኪኖች አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚጠብቅ ጥርስ አለው፤ ከተቀያየሩ ፍሬኑ ራሱን ከማጥበቅ ይልቅ እያላላ ይሄዳል። ሸራው ፊትና ታምቡሮው ውስጥ የጣት ቅባት እንኳ እንዳይቀር በማጽጃ ይጥረጉ።

ማስተካከሉ እንግዲህ እንዲህ ነው። ማስተካከያውን ሁለት ሦስት ጥርስ ያጥብቁ፣ ታምቡሮውን ያስገቡ፣ ያዙሩት። ያለምንም ድምፅ በነፃ ከዞረ አውጥተው ይድገሙ። የሚፈልጉት ታምቡሮው በቀላሉ ገብቶ ሲዞር ስስ፣ አንድ ወጥ የሆነ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። ድምፁ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ታምቡሮው ክብነቱን አጥቷል። እዚህ ሲደርሱ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ይርገጡ፤ ነገር ግን ታምቡሮው በቦታው ካልሆነ በጭራሽ አይርገጡ፣ ሲሊንደሯ ትበተናለች። መርገጡ ሸራዎቹን መሀል ላይ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ እንደገና አዙረው ድምፁን ይስሙ፤ ጠፍቶ ከሆነ አንድ ሁለት ጥርስ ይጨምሩ።

በቀዳዳው በኩል የሚሠሩ ከሆነ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ድረስ ያጥብቁና በነፃ እስኪዞር መልሰው ያላሉ። ለማላላት ሁለተኛ ቀጭን ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ጥርሱን የያዘችውን ትንሽ ምላስ በእሱ ገፋ አድርገው ካልያዙ ወደ ኋላ አይዞርም። የትኛው አቅጣጫ ማጥበቂያ እንደሆነ ጥቂት ጥርስ አዙረው ጎማውን በመሞከር ይታወቃል።

ዲስክ ውስጥ የተደበቀው ትንሹ ታምቡሮም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ራሱን የማያስተካክል መሆኑ ነው። ጎማው ሲወጣ ዲስኩ እንዳይወላገድ በሁለት የጎማ ዳዶዎች ጥብቅ አድርገው ይያዙት። ቀዳዳውን ማስተካከያው ካለበት ቦታ ጋር እስኪገጥም ዲስኩን ያዙሩ፣ እስኪቆለፍ ያጥብቁ፣ ከዚያ ማስተካከያውን ወደ ኋላ ይመልሱ። ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ የሚያዘው 8 ጥርስ እንዲመለስ ነው። ሁለቱም ጎን እኩል ይመለስ።

አሁን ካቦው

ጎማዎቹን መልሰው፣ መኪናው ገና ካቫሌቶ ላይ እንዳለ፣ እጀታውን ከታች እስከ ላይ ጥቂት ጊዜ ስበው ያውርዱ፤ ካቦው በሽፋኑ ውስጥ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ እጀታውን 2ኛው ጥርስ ላይ ያድርጉት። ዳዶውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ የኋላ ጎማዎቹን ያዙሩ፤ ሁለቱም ቀለል ያለ መጎተት ሲጀምሩ ያቁሙ። እጀታውን ሙሉ በሙሉ ያውርዱ፤ ጎማዎቹ እንደ መጀመሪያው በነፃ መዞር አለባቸው። ካልዞሩ ጠብቋል፤ ያላሉ። መልሰው ይሳቡና ይቁጠሩ፤ ከ5 እስከ 8 ባለው ውስጥ፣ ወይም መመሪያዎ ባለው ቁጥር፣ ሁለቱም ጎማዎች በሁለት እጅ ቢሞከሩ አልነቃነቅ ማለት አለባቸው።

ቁጥሩን ከሚገባው በታች ለማድረግ አይጓጉ። በ3ኛው ጥርስ የሚይዝ እጀታ ሲስቡት ያስደስታል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሸራው ነው።

አንዱ ጎማ በ4ኛው ጥርስ ተቆልፎ ሌላው በ7ኛው ላይ ገና የሚዞር ከሆነ ልዩነቱን በዳዶው አያሳድዱ። ዳዶው ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የሚስበው። ያልያዘውን ጎን ሸራ እንደገና ያስተካክሉ። ያም ካልፈታው ማመጣጠኛውን ይመልከቱ፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ባንዱ በኩል ያለው ካቦ ተይዟል ወይም ረዝሟል። ሽፋኑ የተሰነጠቀ፣ ጭራው የተበጣጠሰ ወይም በእጅ ሲሳብ የሚያመነታ ካቦ ይቀየራል። በላዩ ዘይት ማንጠባጠብ ለጥቂት ቀን ያስታግሰው ይሆናል፤ ውኃ የገባበት ሽፋን ግን ውስጡን መብላቱን አያቆምም። ዳዶው የዘንጉ ጥርስ መጨረሻ ላይ ከደረሰም ወይ ካቦው ጊዜው አልፏል፣ ወይ ሸራው ላይ የቀረ ሥራ አለ። ሲጨርሱ ቆላፊውን ዳዶ ማጥበቅዎን አይርሱ።

ካሊፐር ላይ የሚሠራው

እዚህ የሚስተካከል ሸራ የለም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ካሊፐሩ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል። ካቦውን አላልተው በካሊፐሩ ላይ ያለችው ክንድ ወደ ማረፊያዋ መመለሷን በሁለቱም ጎን ያረጋግጡ። የማትመለስ ክንድ ብዙ ጊዜ ዝገት የያዛት ናት። ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ደጋግመው በደንብ ይርገጡ፣ ከዚያ ካቦውን ክንዷ ከማረፊያዋ ሳትለቅ ልልነቱ እስኪጠፋ ብቻ ያጥብቁ። የዚህ ዓይነቱን ሸራ የሚቀይር ሰው ፒስተኑን በቀጥታ መግፋት የለበትም፤ በአብዛኛው እየተሽከረከረ ነው የሚገባው።

የዚህ ዓይነት ፍሬን አንድ ባሕርይ አለው። ቁልቁለት ወርዶ የጋለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጭበጣውም ይላላል። ቆሞ የነበረ መኪና ከደቂቃዎች በኋላ ብቻውን ሲንሸራተት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው። ፍሬኑ ግሎ ሲያቆሙ አንድ ጥርስ ይጨምሩ፣ ማርሽም ያስገቡ።

ኤሌክትሪካዊው በዚህ መመሪያ የሚሠራ አይደለም። ሞተሩ ሸራ እስኪይዝ ድረስ ራሱ ይጓዛል፤ ለጥገና የሚከፈተው በመመርመሪያ መሣሪያ ወይም አምራቹ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ወደ ጥገና ሁኔታ ሲገባ ነው። ሳይገባ ከተፈታ ሞተሩ ድንገት ተነሥቶ ጣት ሊጨፈልቅ ይችላል።

መፈተን

መኪናው ከመውረዱ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን ይርገጡና ይመልከቱ። የጎማ ዳዶዎቹን በተሻጋሪ ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ የብዙ የቤት መኪኖች ልክ ከ90 እስከ 130 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ነው፣ ለምሳሌ ብዙ ቶዮታዎች 103 ናቸው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግመው ይፈትሹ።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀርፋፋና ባዶ ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ መኪና የማያልፍበት ዳገት ይፈልጉ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 13-ኤች የቤት መኪና የእጅ ፍሬን ሙሉ ጭነት የያዘውን መኪና በ20 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች አቅጣጫ፣ እንዲይዝ ያዛል፤ እጀታው የሚሳብበት ጉልበትም ከ400 ኒውተን መብለጥ የለበትም። ሃያ በመቶ ማለት በአምስት ሜትር አግድም አንድ ሜትር መውጣት ነው፤ ዐይን ከሚገምተው በላይ ቀጥ ያለ ዳገት። በዚያ ላይ መሞከር የለብዎትም፤ መጠነኛ ዳገት ይበቃል። ፔዳሉን ረግጠው እጀታውን ይሳቡ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርገው ፔዳሉን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ እግርዎ ግን ከላዩ አይራቅ። ዞረው በቁልቁለቱ አቅጣጫ ይድገሙት። በአንዱ አቅጣጫ ይዞ በሌላው የሚለቅ ከሆነ አንደኛው ሸራ በደንብ አልነካም።

በዲስክ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ሸራዎች አዲስ ከሆኑ ከብረቱ ጋር መላመድ ያስፈልጋቸዋል። ቶዮታ የሚያዘው ደረቅና ደልዳላ መንገድ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዱ፣ የእጀታውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው፣ በ9 ኪሎ ያህል ጉልበት በስሱ እየሳቡ 400 ሜትር ያህል መሄድና ይህንኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ከኋላ መኪና የሌለበት መንገድ ይምረጡ።

በመጨረሻ ለ10 ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳያበዙ ነድተው ያቁሙና የእጅዎን ጀርባ ከሁለቱም የኋላ ቸርኬዎች መሀል ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩ። አንዱ ከሌላው ይበልጥ የሚፋጅ ከሆነ እዚያ ጎን ሸራው ይጎተታል፤ ማስተካከያውን አንድ ሁለት ጥርስ ያላሉት፣ ወይም ክንዷ መመለሷን እንደገና ይዩ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም የእጀታውን ጥርስ ይቁጠሩ። በአንድ ጥርስ ቢጨምር የተገጠመው ሁሉ ቦታውን መያዙ ነው፤ ሦስትና አራት ከጨመረ ራሱን የሚያስተካክለው መሣሪያ አይሠራምና ታምቡሮው እንደገና ይከፈታል። መኪናውን ታጥቦ ወይም ዝናብ መትቶት ለሳምንታት የሚያቆሙት ከሆነ ደግሞ ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬኑን አውርደው በማርሽና በታኮ ይተዉት፤ እርጥብ ሸራ ከታምቡሮው ጋር ዝጎ ይጣበቃል።